ሉዶ፦ ዕድልና ስሌት በአንድ ሰሌዳ

የሉዶ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ገጽ አለው። በአንዱ ገጽ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ማዕዘን ያለው ሉዶ ይታያል፤ ሲገለበጥ እባብና መሰላል ይመጣል። ሁለቱም በአንድ ዳይስ የሚካሄዱ ስለሆኑ ብዙ ወላጅ አንድ ዓይነት አድርጎ፣ ልጆችን ለማቆያ የተሠራ የዕድል ጨዋታ ብሎ ይቆጥራቸዋል። በባሕርያቸው ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። በእባብና መሰላል ተጫዋቹ የሚወስነው አንዳች ነገር የለም። ዳይሱ ያለውን ይቆጥራል፤ መሰላል ካገኘ ይወጣል፣ እባብ ካገኘው ይወርዳል። ሌላ ሰው ቢወረውርለትም ልዩነት አያመጣም። በሉዶ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አራት ጠጠር አለው። ዳይሱ አራት ሲል አራቱን የሚሄደው የትኛው ጠጠር ነው? ይህን ዳይሱ አይመልስም። ሉዶን ሉዶ ያደረገው ይህ ጥያቄ ነው።

ሐዋሳ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሐይቋ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሯ ደጅ ለመቀመጥ ይጋብዛል፤ የሐይቁ ዳርቻም የዛፍ ጥላ አያሳጣም። በቆርኪ የሚጫወቱት ዳማ፣ ካርታና ሉዶ እዚህ የሥራ ፈት ጨዋታዎች ብቻ አይደሉም፤ ተማሪውም፣ ባለባጃጁም፣ ከሥራ የተመለሰውም ትንፋሽ የሚሰበስብባቸው ናቸው። የሲዳማ ክልል መዲና የሆነችው ይህች ከተማ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በአንድ መንገድ ላይ የሚሰሙባት ናት። ሉዶ ደግሞ ቋንቋ አይመርጥም። ስድስት ነጥብ ለሁሉም ስድስት ነው፤ አዲስ የመጣ ልጅ አንድ ዙር ቆሞ ካየ በሁለተኛው ይቀመጣል።

ሰሌዳው በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው። በአራቱ ክንዶች ዙሪያ የሚያስኬደው መንገድ 52 ካሬ አለው። ጠጠር ከማዕዘኑ ወጥቶ መንገድ የሚጀምረው ስድስት ሲወጣለት ነው። ከዚያ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ ወደ ራሱ ክንድ ሲመለስ በቀለሙ በተቀባው መስመር ታጥፎ መሃል ይገባል። ከመነሻው ካሬ እስከ መሃሉ 56 እርምጃ ነው። በመንገድ ላይ በሌላ ቀለም ጠጠር ላይ ያረፈ ይበላዋል፤ የተበላው ወደ ማዕዘኑ ተመልሶ እንደገና ስድስት ይጠብቃል። ስድስት የጣለ እንደገና ይወረውራል። በብዙ ቤት ሦስት ስድስት በተከታታይ ከወጣ ሦስተኛው ይቃጠላል። የአንድ ሰው ሁለት ጠጠሮች አንድ ካሬ ላይ ሲገናኙ ግንብ ይሆናሉ የሚል ሕግ ያላቸውም አሉ፤ ግንብን አይበሉትም፣ አንዳንዶች ዘንድ ጭራሽ አያልፉትም። መሃል ለመግባት ልክ የጎደለው ቁጥር መውጣት አለበት። አራቱንም ቀድሞ ያስገባ ያሸንፋል። ሕጉ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት መስማማት ከጭቅጭቅ ያድናል።

ይህ ሰሌዳ ብዙ አገር ተሻግሮ ነው የደረሰን። መነሻው ሕንዶች ፓቺሲ የሚሉት ጨዋታ ነው። ፓቺሲ የሚጫወቱት በመስቀል ቅርጽ በተሰፋ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ በዳይስ ፋንታ ዛጎሎች ይጣሉና አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው የወደቁት ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1556 እስከ 1605 የነገሠው የሞጎሉ ንጉሥ አክባር በፋቴፑር ሲክሪ ቤተ መንግሥቱ ግቢ በድንጋይ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ሰዎችን እንደ ጠጠር እያቆመ ይጫወት እንደነበር ይነገራል። እንግሊዞች ጨዋታውን አቅልለው፣ ዛጎሉን በዳይስ ተክተው፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ሉዶ በሚል ስም የባለቤትነት መብት አወጡበት። በጀርመን ዮሴፍ ፍሪድሪክ ሽሚት የተባለ ሰው ከዚሁ ዘር የሆነ ጨዋታ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1914 በብዛት ማምረት ጀመረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም 3,000 ሰሌዳ ለወታደሮች ሆስፒታሎች ላከ። ቁስለኛው አልጋው ላይ ሆኖ የሚጫወተው ነገር አገኘ፤ ወታደሩም ጨዋታውን ወደ ቤቱ ይዞ ገባ። በዘመናችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕንድ ውስጥ የተሠራው ሉዶ ኪንግ የተባለው መተግበሪያ በ2020 ዓለም በኮሮና ቤቱ ሲዘጋ ከስልክ ስልክ ተዛመተ።

እኛ ጋ ከሉዶ በፊት የታወቁት የሰሌዳ ጨዋታዎች ግን ዳይስ አይጠይቁም። ገበጣ ቆጠራ ነው፤ ፍሬው ከየትኛው ጉድጓድ ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያሰላ ያሸንፋል። በመኳንንቱ ቤት የነበረው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዥም፣ ከዕድል ጋር ጉዳይ የለውም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል። የሰንጠረዥ ልዩ መልኩ ወረራ የሚባለው መክፈቻ ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ ጦሩን ያሰልፋል። ያም ሆኖ ከዓይን የተሰወረ ነገር የለም፤ ሁሉም ሰሌዳው ላይ ነው።

ሉዶ የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ችሎታ ነው፦ የሚመጣውን ሳያውቁ መወሰን። ገበሬ ዝናቡን ሳያውቅ መዝራቱን ዕድል ብቻ የሚለው የለም፤ የትኛውን ማሳ መቼ በምን ዘር እንደሚሸፍን የሚያስበው ዝናቡ በእጁ ስላልሆነ ነው። ሉዶም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በእጃችን ስላልሆነ ምርጫችን ይከብዳል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ስድስት የመውጣት ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው፤ ስለዚህ ጠጠር ለማውጣት በአማካይ ስድስት ውርወራ ያስፈልጋል። ይህ ማለት ግን በስድስት ውርወራ ይወጣል ማለት አይደለም። ከሦስት ሰው አንዱ ስድስት ጊዜ ወርውሮም ስድስት አያይም። «ዳይሱ ጠላኝ» የሚል ልጅ ያጋጠመው ከሦስት አንዱን ሰው የሚያጋጥመው ነገር ነው። የአንድ ውርወራ አማካይ ደግሞ ሦስት ተኩል ነው። 45 እርምጃ የሄደ ጠጠር ቢበላ አሥራ ሦስት ያህል ውርወራ ከሰረ፤ እንደገና ለመውጣት የሚጠብቀውን ሳይጨምር። 5 እርምጃ የሄደ ቢበላ ግን የአንድና የሁለት ውርወራ ኪሳራ ነው። ጠጠሮቻችን በቀለም አንድ ቢሆኑም በዋጋ አንድ አይደሉም።

አደጋውም በርቀት ይለካል። ጠላት ከኋላችን ከአንድ እስከ ስድስት ካሬ ባለው ርቀት ላይ ከቆመ በሚቀጥለው ውርወራ የመበላት ዕድላችን ከስድስት አንድ ነው። ርቀቱ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ስድስት፣ ቀጥሎ ልክ የጎደለው ቁጥር መውጣት ስላለበት ዕድሉ ከ36 አንድ ይሆናል። ከስድስት ወደ ሰባት አንዲት ካሬ መራቅ አደጋውን በስድስት እጥፍ ታሳንሳለች። ከኋላችን በተለያየ ርቀት ሁለት ጠላት በስድስት ካሬ ውስጥ ካለ ደግሞ አደጋው ከሦስት አንድ ይደርሳል።

እስቲ አንድ ጨዋታ ቀርበን እንይ። ቀይ ሁለት ጠጠር መንገድ ላይ አለው። አንደኛው 44 እርምጃ ሄዷል፤ ከኋላው ሦስት ካሬ ላይ ቢጫ ቆሞበታል። ሁለተኛው ገና 8 እርምጃ ላይ ነው፤ ከፊቱ አራት ካሬ ላይ 38 እርምጃ የሄደ ሌላ ቢጫ አለ። ዳይሱ አራት አለ። ቀይ ይብላ ወይስ ይሽሽ? ቢሸሽ አሳዳጁን በሰባት ካሬ ይርቃል፤ ከስድስት አንድ የነበረው አደጋ ከ36 አንድ ይሆናል። ይህ ሽሽት በአማካይ ሲሰላ የሚያድነው 6 እርምጃ ያህል ነው። ቢበላ ግን ቢጫ 38 እርምጃ ያጣል። ይብላ።

አሁን ሁለተኛውን የቀይ ጠጠር 24 እርምጃ ላይ እናስቀምጠውና ከፊቱ አራት ካሬ ላይ ያለው ቢጫ ገና ከቤቱ የወጣ፣ ሁለት እርምጃ ብቻ የሄደ ይሁን። ዳይሱ ያው አራት ነው፤ ሊበላ የሚችለውም ያው አንድ ጠጠር ነው። ነገር ግን መብላቱ ከቢጫ የሚወስደው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ መሸሹ የሚያድነው ስድስት ነው። ለበላ ተጨማሪ ውርወራ የሚሰጥ ሕግ ከሌለና ቢጫ መንገድ ላይ ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ጠጠር እስካለው ድረስ ቀይ ቢሸሽ ይሻለዋል። ጀማሪ ሁለቱንም ጊዜ ይበላል፤ መብላት ደስ ይላልና። የሰላ ተጫዋች ከመብላቱ በፊት የተበላውን ዋጋ ይጠይቃል። ሁለቱን የሚለያቸው የእጃቸው ዕድል አይደለም።

በዚህ ላይ ሉዶ የአራት ሰው ጨዋታ መሆኑ ሌላ ሕይወት ይሰጠዋል። በሰንጠረዥና በዳማ አንድ ተቃዋሚ ብቻ አለ። እዚህ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ይፈራራሉ። አንዱ ሦስት ጠጠር አስገብቶ ሲቀርብ ከኋላ የቀሩት ሳይማከሩ ይተባበሩበታል። ትንሹ ልጅ ታላቁን «ጋሼ፣ እኔን ይተዉኝና መሪውን ይብሉት» ብሎ ሲማጸን የሚያደርገው ድርድር ነው። ሰው ሲሸነፍ ሳይቆጣ፣ ሲያሸንፍም ሳይመጻደቅ መቀመጥን የሚለማመደውም እዚሁ ነው። ዳይሱ ደካማውን አልፎ አልፎ ስለሚያነሣው የስምንት ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር እኩል ተስፋ ይዞ መጫወት ይችላል። በሰንጠረዥ ይህ የለም፤ ጎበዙ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል፣ ሰነፉም ቶሎ ይሰለቻል።

ዓለም የሚወዳቸው ትልልቅ የተረት ዓለም ጨዋታዎችም የቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ ውስጥ የታተመው፣ ሮበርት ሃሪስ የፈጠረው ታሊስማን አንዱ ነው። ተጫዋቹ ጦረኛ ወይም ጠንቋይ ወይም ሌላ ገጸ ባሕርይ ይሆንና ሦስት ተደራራቢ ግዛቶችን አቋርጦ መሃል ያለውን የሥልጣን ዘውድ ይፈልጋል። ዳይሱ ስንት እንደሚሄድ ይነግረዋል፤ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ የሚለውን ግን እርሱ ይመርጣል። ከአውሬ ጋር ሲገጥም የዳይሱ ቁጥር በጉልበቱ ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ ጥበቡ ጉልበት ሳያካብቱ ከከባዱ አውሬ ጋር አለመጋጠም ነው። ክላውስ ቶይበር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ካታንም፣ የተረት ጨዋታ ባይሆንም፣ ተጫዋቹ በሁለት ዳይስ ድምር ላይ ተመሥርቶ መንደሩን የት እንደሚቆርቁር እንዲያስብ ያደርገዋል። ሉዶን በማስተዋል የተጫወተ ሰው ለእነዚህ እንግዳ አይሆንም።

ዳይስ ባለበት ሁሉ ግን ቁማር ያሰኛል። ሉዶ በገንዘብ ሲሆን የሚማሩበት ነገር ይጠፋል፤ ሰው ምርጫውን መመርመር ትቶ ኪሳራውን ማሳደድ ይጀምራል። ሰሌዳው ላይ የተበላ ጠጠር ነገ ይመለሳል፣ የወር ደመወዝ ግን አይመለስም። ስለዚህ በየቤቱ አንድ ሕግ ብቻ ይጽና ቢባል «በገንዘብ አይሆንም» የሚለው ነው።

ሌላው ሕግ ሁሉ ሊሻሻል ይችላል፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። ስሌቱን ማጠንከር የሚፈልግ በሁለት ዳይስ ይጫወት፤ አንዱን ቁጥር ለአንዱ ጠጠር፣ ሌላውን ለሌላው እንዲሰጥ ወይም ሁለቱንም ለአንዱ እንዲደምር ይፈቀድለት። በዚያ ጊዜ አንድ ውርወራ ብዙ መንገድ ይከፍታል፣ የዕድሉም ድርሻ ይቀንሳል። ዳይስ ሲገዛ ደግሞ የተቃራኒ ገጾቹ ድምር ሰባት መሆኑን ማየት ጥሩ ነው፦ አንድ ከስድስት፣ ሁለት ከአምስት፣ ሦስት ከአራት።

ከዚህም አልፎ ሰሌዳውን ራሱን መሥራት ይቻላል። ሐዋሳ ለተረት ጨዋታ የሚሆን ሰሌዳ ከእግዜር የተሰጣት ከተማ ናት፦ መሃል ሐይቁ፣ ዳር ታቦር ተራራ፣ በውኃው ውስጥ ጉማሬ፣ አሞራ ገደል በሚባለው ዳርቻ ዓሣ አጥማጅና አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ። ካርቶን፣ እርሳስ፣ ጥቂት ቆርኪና አንድ ዳይስ ያላቸው ልጆች በክረምቱ ዕረፍት የራሳቸውን ጨዋታ ሊፈጥሩ ይችላሉ። የሚያስፈልጋቸው ምክር አንድ ነው፤ ዳይሱ ከተወረወረ በኋላ ተጫዋቹ ቢያንስ ሁለት መንገድ ይኑረው። ያ ካለ የሠሩት እውነተኛ ጨዋታ ነው፤ ከሌለ የሠሩት እባብና መሰላልን ነው።