ባትሪው ስንት ክፍል ያደርሳል?

እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዛዊው የፈጠራ ባለሙያ ጄምስ ዳይሰን፣ ኩባንያቸው ከእንግዲህ አዲስ ባለገመድ ቫኪዩም ለመሥራት እንደማይደክም አስታወቁ። በዚያው ሰሞን ለገበያ ያቀረቡት ቪ10 የተባለ ገመድ አልባ ማሽን ነበርና ንግግሩ ማስታወቂያም ጭምር መሆኑ ግልጽ ነው። ገበያው ግን ተከትሏቸዋል። ዛሬ የቤት ዕቃ መደብር የገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ባለባትሪውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ቀጭን ማሽን ነው። ሆዳሙ፣ ባለጎማው፣ ገመዱን ከኋላው የሚጎትተው የድሮው ዓይነት ጥግ ይዟል።

ታዲያ ገመዱን መጣል ይቻላል? ወለሉ ሴራሚክ ወይም ፓርኬ ለሆነ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ለሚጠረግ ቤት፣ በእኔ ግምት አዎ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ለተነጠፈበት፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተይዞ ለሚጸዳ ቤት ግን ገና ነው። የዋጋ ወይም የዘመናዊነት ጉዳይ አይደለም። ወለሉና የባለቤቱ ልማድ ናቸው የሚወስኑት።

ቫኪዩም ሲፈታ ዋናው ነገሩ ማራገቢያ ነው። ሞተሩ ማራገቢያውን በኃይል ሲያሽከረክር በውስጡ ያለው አየር ወደ ውጭ ይገፋል፤ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል። የውጪው አየር ያንን ክፍተት ለመሙላት በማሽኑ አፍ በኩል ሲገባ መንገድ ላይ ያገኘውን አቧራ፣ ፍርፋሪና ፀጉር ይዞ ይገባል። ቆሻሻው ከረጢት ወይም ጣሳ ውስጥ ይቀራል፤ አየሩ ተጣርቶ ይወጣል። እንግዲህ ጥሩ ቫኪዩም የግፊት ልዩነትም፣ በቂ የአየር ፍሰትም ያስፈልገዋል። ሁለቱ ተባዝተው የሚለኩበት መጠን ኤር ዋት ይባላል። ሳጥኑ ላይ መፈለግ ያለበት እሱ ነው፤ በትልቁ የሚጻፈው ተራ ዋት የሚነግረን ሞተሩ ስንት እንደሚበላ እንጂ ስንት እንደሚሠራ አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን ልዩነት በደንብ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚበሉ ባለገመድ ቫኪዩሞች ወደ ገበያው እንዳይገቡ ከለከለ። ብሪታንያ ውስጥ ሰዎች ክልከላው ሳይደርስ ባለትልቁን ዋት ለመግዛት ተሻምተው ነበር። አምራቾቹ ግን ማራገቢያውንና የአየሩን መተላለፊያ አሻሽለው በ900 ዋትና ከዚያ በታች ደህና የሚያጸዱ ማሽኖች ማውጣት ቻሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ «2400 ዋት» ተብሎ በኩራት የተጻፈበት ሳጥን ሲገጥምዎ ብዙ አይደነቁ።

በሞተር ከሚስቡት ቫኪዩሞች ቀደምቱ እንኳን ያለ ገመድ ሊሠራ፣ ቤት ውስጥም አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ለንደን ውስጥ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ መሐንዲስ የሠራው ማሽን በፈረስ ተጎትቶ በር ላይ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ። ቡዝ ከዚያ በፊት ያየው ማሽን አቧራውን እየነፋ ያባርር ነበር፤ እሱ ግን «ለምን አንስበውም?» ብሎ ተነሣ። ሐሳቡን የሞከረው ምግብ ቤት ወንበር ላይ አፉን አስጠግቶ በመሳብ እንደነበረና አቧራው ሊያንቀው እንደደረሰ ራሱ ተርኮታል። ማሽኑን ወደ ቤት ያስገባው ደግሞ ኦሃዮ፣ ካንተን ከተማ ውስጥ የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ የነበረው ጄምስ መሪ ስፓንግለር ነው። አስም ስለነበረበት የመጥረጊያው አቧራ ያሠቃየው ነበር። ከማራገቢያ ሞተር፣ ከመጥረጊያ እጀታና ከትራስ ልብስ የገጣጠማትን ማሽን እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት አስመዘገበባት፤ መብቱንም ሁቨር የተባለ የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ገዛው። በባትሪ የሚሠራ አቧራ መሳቢያ በየቤቱ የተለመደው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ብላክ ኤንድ ዴከር ደስትባስተር የተባለችውን በአንድ እጅ የምትያዝ ማሽን ሲያወጣ ነው። የዚያን ጊዜው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ከፈሰሰ ስኳር፣ ከመኪና ወንበር ፍርፋሪ ያለፈ ሥራ አይችልም ነበር። ነገሩን የለወጡት ቀላሉ የሊቲየም ባትሪና ካርቦን የማይነካካበት፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚነዳው ትንሽ ሞተር ናቸው። የቪ10 ሞተር በደቂቃ እስከ 125 ሺህ ጊዜ ይዞራል።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው ባትሪው ላይ ነው። የግድግዳው ሶኬት መብራት እስካለ ድረስ 900 ዋቱን ለአምስት ደቂቃም ለአምስት ሰዓትም ይሰጣል። ባትሪ ግን እንደ መንገደኛ ስንቅ ነው፤ የያዘው ሲያልቅ አለቀ። ብዙ ገመድ አልባ ማሽኖች ሰባት የሊቲየም ሴል የተደረደረበት ባትሪ አላቸው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ስለሆነ ድምሩ 25.2 ቮልት ይመጣል። አቅሙ 2.6 አምፔር ሰዓት ነው እንበል፤ ሁለቱን ስናባዛ 65 ዋት ሰዓት ገደማ እናገኛለን። ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ 500 ዋት የሚበላ ከሆነ 65ቱ ከስምንት ደቂቃ በታች ያልቃል። ባለ 900 ዋቱ ባለገመድ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 450 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ሰባት ቢደረደር ነው የሚተካከለው።

ሳጥኑ ላይ «60 ደቂቃ» ተብሎ የሚጻፈውስ? ውሸት አይደለም። ያው ባትሪ 60 ደቂቃ እንዲቆይ ማሽኑ በአማካይ 65 ዋት ብቻ መብላት አለበት ማለት ነው። ያ የሚሆነው በዝቅተኛው ማርሽ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ሞተር ያለው ብሩሽ ሳይገጠም ነው። የቱርቦው፣ ማለትም የከፍተኛው ማርሽ፣ ጉልበትና የ60 ደቂቃው ቆይታ በአንድ ማሽን ላይ ቢጻፉም በአንድ ጊዜ አይገኙም። ሻጩ ሁለቱንም ቁጥር ሲደረድር ማሰብ ያለብን መካከለኛውን ማርሽ ነው፤ እዚያ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ የሚሠራ ማሽን ለብዙ ቤት ይበቃል።

ለየትኛው ቤት? ሴራሚክ ላይ አቧራ መደበቂያ የለውም። የወደቀው ጤፍ፣ የፈንዲሻው ፍርፋሪ፣ የደረቀው እንጀራ ሁሉ ላይ ላዩን ነውና በዝቅተኛው ማርሽ እንኳ ይነሳል። ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በአንድ ቻርጅ ተጠርጎ ባትሪው ይተርፋል። ስፒና ለመሰካት ሶፋ ማንቀሳቀስ፣ ገመድ ከክፍል ክፍል ማዞር የለም። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልዎ፤ ሰው ቤቱን ቶሎ ቶሎ የማይጠርገው ማሽኑን አውጥቶ መዘርጋቱ ስለሚያታክተው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ግን ቡና ከተጠጣ በኋላ አንስቶ በሁለት ደቂቃ ጠርጎ ይመልሰዋል። ደካማ ማሽን በየቀኑ ከሠራ፣ በወር አንዴ ከቁም ሣጥን ከሚወጣው ብርቱ ማሽን ይልቅ ቤቱን ንጹሕ ያደርጋል። የገመድ አልባው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ከቡናው ጋር የሚነሱ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የተጎዘጎዘው ቄጤማ በእጅ ይሰብሰብ፤ ረጅም ሣር የሚሽከረከር ብሩሽ ላይ ይጠመጠማል። የከሰሉና የዕጣኑ አመድ ደግሞ ፈጽሞ በቫኪዩም አይነካ። በረደ የተባለ አመድ ውስጥ ያልጠፋ ፍም ይኖራል፤ በአየር ሲራገብ ይቀጣጠላል። ፍም ባይኖርበት እንኳ የላመው አመድ ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል።

ምንጣፍ ሌላ ነገር ነው። አሸዋና አቧራ በክሮቹ ሥር ገብቶ ይቀመጣል፤ አየር ብቻውን አያወጣውም። መጀመሪያ የሚሽከረከር ብሩሽ ክሩን መምታትና መበርገድ አለበት፤ ብሩሹ ደግሞ ከዚያችው ባትሪ ይበላል። አሜሪካ ውስጥ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ኮሪደሩም ምንጣፍ በሆነበት አፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ ገመድ አልባውን በከፍተኛው ማርሽ ካስነሳ ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ ይቆምበታል፤ ከዚያ ለቻርጅ ሦስትና አራት ሰዓት መጠበቅ ነው። በመካከለኛው ማርሽ ከሄደ ይደርሳል፤ ግን ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያነሳው። ለእንዲህ ያለ ቤት ባለገመዱ እስካሁን አቻ የለውም።

እዚህ ላይ ለገመድ አልባው ልፍረድለት። ርካሹ ባለገመድ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ብሩሽ የለውም፤ ያለው ጠፍጣፋ አፍ ብቻ ነው። ትንሽ የሳሎን ምንጣፍ ላይ የተጣበቀ ፀጉርና ክር ለማንሳት ባለሞተር ብሩሽ ያለው ገመድ አልባ ይበልጠዋል። ደረጃ፣ መኪናና ሶፋ ላይም እንዲሁ። በክብደት ግን አይታለሉ። ገመድ አልባው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ነው፤ ባለገመዱ አምስትና ስድስት። ነገር ግን ባለገመዱ ኪሎውን መሬት ላይ ጎማው ይሸከምለታል፤ ገመድ አልባው ላይ ሞተሩም ባትሪውም ጣሳውም የሚንጠለጠሉት ክንድ ላይ ነው። ማብሪያው ሁልጊዜ ተጭኖ እንዲያዝ የሚፈልግ ዓይነትም አለ። ጣታቸውን ቁርጥማት ለሚያሠቃያቸው እናት ስጦታ ከመግዛትዎ በፊት መደብሩ ውስጥ ትንሽ ይዘው ይሞክሩት።

ጣሳው ትንሽ መሆኑም ይታሰብ። ገመድ አልባው ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ባለከረጢቱ ሦስትና አራት ሊትር ይይዛል። ጣሳው በተከፈተ ቁጥር አቧራው ይቦንናል፤ ከረጢት ግን እንደታሸገ ይጣላል። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ እኔ የምመርጠው ባለከረጢቱን፣ ሄፓ ማጣሪያ ያለውን ነው። በአሜሪካው መለኪያ ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን ከሚያክል ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚያስቀር ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ ግን ማሽኑ የመሳብ አቅሙን ያጣል።

ወደ አገር ቤት ዕቃ ለሚያስገባ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይለያል። ከአሜሪካ የሚመጣ ባለገመድ ቫኪዩም የተሠራው ለ120 ቮልት ስለሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ከአንድ ሺህ ዋት በላይ የሚችል ትራንስፎርመር መግዛት ደግሞ ሌላ ከባድ ዕቃ፣ ሌላ ወጪ ነው። የገመድ አልባው ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያስፈልገው የስፒናውን ቅርጽ የሚያስተካክል አዳፕተር ብቻ ነው። በአውሮፕላን ሲመጣ ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ ተከቶ አይላክም፤ በእጅ ይያዛል። ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው ቢያንስ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከላይ ያሰላነው ባለ 65ቱ በሰላም ያልፋል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርም ገመድ አልባው ይቀናዋል፤ መብራት ባለበት ሰዓት ቻርጅ ተደርጎ በሌለበት ይሠራል። ቻርጀሩ ከሶኬቱ የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ ቀጭን ዲቫይደርም ይችለዋል። ባለ 2000 ዋቱ ባለገመድ ግን እንዲህ ባለ ዲቫይደር ላይ ሲሠራ ገመዱ ይሞቃል፤ አንዳንዴም ይቀልጣል።

የሚቀረው ዕድሜው ነው፤ ሻጮች የማያነሱትም እሱን ነው። የሊቲየም ባትሪ በተለምዶ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በየቀኑ እስኪያልቅ የሚሠራ ማሽን 500 ዙሩን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ይጨርሳል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ወደ አምስት ዓመት ይጠጋል፤ ባትሪ ሳይሠራም እያረጀ ስለሚሄድ ግን ሙሉውን አምስት ዓመት አይጠብቁ። ሙቀት ጠላቱ ነው፤ በቱርቦ ሠርቶ የጋለውን ወዲያው ቻርጅ ላይ መስቀል፣ ፀሐይ ባለበት መስኮት ሥር ማኖር ዕድሜውን ያሳጥራል። ባለገመዱ ግን የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ ሞተር ጠጋኝ ቀይሮለት ዓመታት ይቀጥላል።

ስለዚህ መደብር ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባትሪው በቀላሉ ተነቅሎ ይቀየር እንደሆነ፣ ቅያሪው እዚሁ አገር ይገኝ እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ባትሪው ከማሽኑ ጋር አብሮ የተዘጋበትን ማሽን እኔ በነጻ ካልተሰጠኝ አልወስድም። የሚነቀል ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ አብሮ መግዛት የስምንት ደቂቃውን ነገር በግማሽ ያቃልለዋል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ላይ ይውላል። ቤት ውስጥ የሚሠራ የድሮ ባለገመድ ካለም ገመድ አልባው ስለመጣ አይሸጥ፤ ለትልቁ ምንጣፍና ለበዓል ዋዜማው ጽዳት ይፈለጋል።