የሐርላ ገልና አዲሲቱ የሸክላ መኪና

ዛሬ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ የምንነጋገረው ስለ ወርቅ ወይም ስለ ሐር አይደለም፤ ስለ ጭቃ ነው። ወደ ማድ ቤት ብንገባ ጀበናው፥ ምጣዱ፥ ድስቱ፥ እንስራውም ከአፈር የተሠራ ነው። ዕቃው ደኅና ሳለ እንንከባከበዋለን፤ የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ገሉን ከጓሮ እንጥለዋለን፤ ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው የለም። የተጣለው ገል ከመሬት ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ፥ ሊቃውንት ከሩቅ አገር መጥተው በብሩሽ እየጠረጉ፥ በውሃ እያጠቡ፥ ቍጥር እየጻፉበት እንደሚያነሡት ማን ያስባል? በሐርላ የሆነው ግን ይህ ነው።

ሐርላ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው አገር ያለች መንደር ናት። ገበሬዎቹ በመሬታቸው ገልና የቻይና ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ የጥንቶቹ ቤቶች የታነጹባቸው ድንጋዮችም ታላላቅ ስለ ሆኑ፥ በቀድሞ ዘመን በዚያ ግዙፋን ሰዎች ይኖሩ ነበር እየተባለ ይነገር ነበር። ከ2015 ጀምሮ (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለ ሥልጣን ጋራ ተባብረው ስፍራውን መረመሩ። በ2017ም በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የመቃብር ስፍራ፥ ጌጥ ይሠራበት የነበረ ቤት፥ ደግሞም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብ እንደ ተገኘ ለዓለም ተነገረ። ከመቃብሩ የወጣው አጥንት ሲመረመር ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ቁመት ሆነ። ግዙፍ የነበረው ሰውነታቸው ሳይሆን ንግዳቸው ነበር፤ ከየመን፥ ከማልዲቭ፥ ከማዳጋስካርና ከቻይና የመጣ ዕቃ በዚያች ተራራማ ስፍራ ተገኝቷልና።

ከባሕር ማዶ የመጣው የሚያብረቀርቅ ሸክላ የእንግዳን ዐይን ይስባል። ነገር ግን ወጥ የተወጠወጠበት፥ ውሃ የተቀዳበት የአገሩ ሸክላ ነው፤ የሕዝቡን ኑሮ የሚነግረንም እርሱ ነው። ዐዋቂ ሰው የማሰሮ ከንፈር የነበረችውን አንዲት ገል አንሥቶ ጕብጠቷን ቢለካ፥ የማሰሮው አፍ ምን ያህል ስፋት እንደ ነበረው ያውቃል። ገሉ ከከንፈር እስከ ሆድ ያለውን ጐን የያዘ ከሆነ ደግሞ፥ ያን መስመር በኮምፒዩተር ላይ ሥሎ በዙሪያው ቢያዞረው፥ ከብዙ ዘመን በፊት የተሰበረው ማሰሮ ሙሉ ሆኖ ከመስታወቱ ላይ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ሥዕል ብቻ ነው፤ አይያዝም፥ አይጣድም። ሥዕሉን መልሳ ጭቃ የምታደርገው ግን አሁን በልዩ ልዩ አገር የምትሠራው አዲሲቱ የሸክላ መኪና ናት።

የመኪናዋ ታሪክ አጭር ነው። በቤልጅግ አገር በአንቨርስ ከተማ አንፎልድ የሚባሉ የእጅ ጥበብ ሠራተኞች በ2009 ገደማ ፕላስቲክ ታተም የነበረችውን መኪና ለውጠው ጭቃ እንድታወጣ አደረጓት። በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሚሠራው ሸክላ ሠሪ ጆናታን ኪፕም የመኪናዋን አሠራር ሳይደብቅ፥ ማንም ሰው በቤቱ ሊገጥማት እንዲችል ንድፉን በነጻ ገለጠ። በኢጣልያ አገር ደግሞ ዋስፕ የሚባለው ማኅበር፥ ስሙን ከጭቃ ቤቷን ከምትሠራው ተርብ የወሰደው፥ ከንድፍ ዐዋቂው ከማሪዮ ኩቺኔላ ጋራ ሆኖ በማሳ ሎምባርዳ በ2021 ከዚያው ከአካባቢው አፈር 60 ካሬ ሜትር ያህል የሚሆን ቤት አቆመ። ግድግዳው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው 350 ድርብ የተሠራ ነው፤ የፈጀውም 200 ሰዓት ነው።

አሠራሯም እንዲህ ነው። የላቈጠ ጭቃ በቱቦ ውስጥ ይሞላል፤ ከበስተኋላው የታመቀ አየር ወይም የሚሽከረከር ብሎን ሲገፋው፥ የጥርስ ሳሙና ከቱቦው እንደሚወጣ ሁሉ፥ ከጠባቡ አፍ እንደ ገመድ ቀጥኖ ይወጣል። የቱቦውን አፍ የሚመራው ኮምፒዩተሩ ነው፤ መጀመሪያ የዕቃውን መቀመጫ ያስዞራል፤ ከዚያ በላይ ሁለተኛ ዙር፥ ከዚያም ሦስተኛ፥ እንዲህ እያለ እስከ ከንፈሩ ይደርሳል። ጭቃው የቀጠነ እንደ ሆነ ዕቃው ይሰምጣል፤ የደረቀ እንደ ሆነ ቱቦው ይዘጋል፤ በውስጡ አየር ከቀረ ገመዱ ይበጠሳል፤ ሆዱ ያለ ልክ ወደ ውጭ ከወጣም በራሱ ክብደት ይወድቃል።

ይህን የሚያነብ ሰው «ነገሩስ አዲስ አይደለም» ቢል እውነት አለው። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋ የሚሽከረከር ገበታ ሳትይዝ፥ ጭቃውን በመዳፏ መካከል እያንከባለለች እንደ ገመድ አርዝማ፥ አንዱን ዙር ባንዱ ላይ እየደረበች ጋኑን ታቆማለች። መኪናዋ የያዘችው ይህንኑ ሥራ ነው። ልዩነቱ የሸክላ ሠሪዋ ልኬት በጣቷ መኖሩ፥ የመኪናዋ ግን በቍጥር መጻፉ ነው። ቍጥሩ ስለ ተጻፈም አንዱን ቅርጽ መቶ ጊዜ ሳትሳሳት ትመልሰዋለች፤ የሰው እጅ የማይደርስበትን ቀጭን ጥልፍም በሸክላ ላይ ትጠልፋለች።

ይሁን እንጂ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ማሰሮ ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ እሳት የሚችል መሆን አለበት። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኰስ ከመቶ ከ5 እስከ 12 ያህል ይኰማተራል፤ ስለዚህ ወፍራሙና ቀጭኑ ስፍራ እኩል ካልደረቀ ይሰነጠቃል። በእሳት ላይ የሚጣድ ዕቃ ደግሞ በድንገተኛ ሙቀት እንዳይፈነዳ፥ በብዙ አገር ሸክላ ሠሪዎች ሻካራ አሸዋ ወይም የተወቀጠ አሮጌ ገል ከጭቃው ጋራ ይለውሳሉ። ጠባብ አፍ ያላት መኪና ግን ይህን ሻካራ ጭቃ አትወድም፤ ትታነቃለች። ጭቃው በወንፊት ተነፍቶ እንደ ቅቤ ሲለሰልስ ዕቃው ያማረ ይሆናል፤ ለመደርደሪያም ይበቃል፤ ከምድጃ ላይ ሲጣድ ግን የመሰንጠቅ ፍርሃት አለበት። ስለዚህ መኪናዋን የያዘ ወጣት፥ አፈሩ ከየት እንደሚቈፈር፥ ገሉ ምን ያህል እንደሚደቅ፥ ጭቃው ስንት ቀን እንደሚያድር፥ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ለምን እንደማይተኰስ፥ አዲስ ምጣድም እንዴት እንደሚሟሽ ማወቅ ይገባዋል። ይህ ሁሉ በንድፉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ያለው በሸክላ ሠሪዋ እጅ ነው።

ታዲያ ይህችን ባለ ዕውቀት እኛ እንዴት አድርገን ይዘናታል? አፍረን የምንናገረው ነገር ነው። ከምድጃዋ የወጣውን ዕቃ ከማዕዳችን እያስገባን፥ እርሷን ግን ቡዳ ናት እያልን ከደጃችን አራቅናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ዐዋቂን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከአንዳንድ ሰው አፍ ገና አልጠፋም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ አንዲት ሴት ስለ ወሰን ክርክር ለምስክርነት ቀረበች። ዳኛው ስሟንና ዕድሜዋን ከጠየቁ በኋላ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሏት። እርሷም ዐይኗን ወደ መሬት ጥላ፥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «የእጅ ሥራ» አለች፤ እኔም እንዳለችው ጻፍሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ለባለቤቴ ባወራት፥ ሴቲቱን በመልኳ ዐውቃት ነበርና፥ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችው እርሷ እንደ ሆነች ነገረችኝ። በዚያ ምሽት እንጀራው ከጕሮሮዬ አልወርድ አለ። ምጣዷን ሳናፍር ስንጠቀምበት፥ እርሷ ግን በሸንጎ ፊት የሥራዋን ስም ለመጥራት ፈርታለች።

ስለዚህ ክቡራን ሹማምንት፥ እንዲህ ያለች መኪና ወደ አንድ ትምህርት ቤት ወይም የሥራ ማሠልጠኛ ስትገባ፥ በፊቷ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር የሚያውቀው ወጣት ብቻ እንዳይሆን እንለምናለን። ሸክላ ሠሪዋ በመምህርነት ትጠራ፤ የመምህርም ደመወዝ ይከፈላት። ወጣቱ ቍጥሩን ያሳያት፤ እርሷም ጭቃውን ታሳየው። ያን ጊዜ ወጣቱ የሚያምረውን ቅርጽ ለእሳት የሚሆን ያደርገዋል፤ እርሷም ወገቧን የሚያጐብጠውን ሥራ ከፊሉን ለመኪናዋ ትተዋለች። አለዚያ ግን መኪናዋ ከሸክላ ሠሪዋ ላይ ገበያዋን ወስዳ፥ ዕውቀቷን ትታ ትቀራለች፤ እኛም የአበባ ማስቀመጫ የሞላበት፥ ወጥ የሚወጠወጥበት ድስት ግን የጠፋበት ቤት ይኖረናል።

ወይዛዝርትም በበኩላችሁ፥ ጀበና ስትገዙ በዋጋው ስትከራከሩ፥ አፈሩን ቈፍሮ፥ ተሸክሞ፥ አቡክቶ፥ አድርቆ፥ ተኵሶ እስከ ገበያ ለማምጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቡ። ሲተኰስ የተሰበረውን ኪሣራ የምትችለው እርሷ ብቻ ናት። ልጆቻችሁንም ወደ እርሷ ስትልኩ፥ በሰላምታና በአክብሮት እንዲጠሯት አስተምሯቸው።

በሐርላ ገሉን የጣለው ሰው ስሙ አልተጻፈም፤ ማሰሮውን የሠራው እጅም እንዲሁ። ያለፈውን ስም ልንመልሰው አንችልም። ዛሬ በሕይወት ያለችውን ሸክላ ሠሪ ግን በስሟ ልንጠራት እንችላለን። ዳኛ ሥራዋን በጠየቃት ጊዜ ቀና ብላ «ሸክላ ሠሪ ነኝ» የምትልበትን፥ ጸሐፊውም ሳያፍር አጥርቶ የሚጽፍበትን ቀን እንመኛለን።