ኢ-ታይፕ፤ የከበደው መሪ ይቅለል ወይስ ይቅር?

ለኳስ አፍቃሪ ጆርጅ ቤስትን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የማንቸስተር ዩናይትዱ ኮከብ ከነዳቸው መኪኖች አንዷ ጃጓር ኢ-ታይፕ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 በጄኔቫ አውደ ርዕይ ለሕዝብ የታየችው ይህች አፍንጫ ረዥም እንግሊዛዊት እስከ 1974 ተመርታለች። ስትከንፍ መሪዋ አያስቸግርም። ጣጣው ስትቆም ነው። ጠባብ ቦታ ላይ መሪዋን ለማዞር ክንድ ይጠይቃል፤ ያኔ በወጣትነታቸው የነዷት ደግሞ ዛሬ አርጅተዋል። ትከሻውን የሚያመው ባለቤት ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ መሸጥ፣ ወይ መሪዋን ማሻሻል።

“አትንኳት” ባዮች አሉ። ክርክራቸው ተራ ግትርነት አይደለም። የኢ-ታይፕ መሪ ራክ ኤንድ ፒኒየን የሚባለው ዓይነት ነው። በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለች ትንሽ ጥርስ አንድ ጥርሳም ብረት ግራና ቀኝ ትገፋለች፣ እሱም በቲራንቴ አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። በመሃል ምንም አጋዥ የለም። አስፋልቱ ሲሻክር፣ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ወሬው ቀጥታ እጅ ላይ ይደርሳል። ያ ወሬ ከጠፋ ኢ-ታይፕ መንዳት ምኑ ላይ ነው? ይላሉ።

እውነት አላቸው። ግን እኮ ጃጓር ራሱ በ1968 በመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ላይ ለፈለገ ፓወር ስቴሪንግ አቅርቧል፤ በ1971 ባለ 12 ሲሊንደሯ ላይማ ለሁሉም ገጠመው። የያኔው በሞተሩ ጉልበት የሚሠራ ፓምፕ፣ ቱቦና ዘይት ያለው ነው። ይህን ሁሉ ቀድሞ ባልነበራት መኪና ላይ መጠቅጠቅ ቦታ ያጣብባል፤ ሲያረጅም ዘይት ያንጠባጥባል።

የዛሬው መላ ኤሌክትሪክ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በመሪው ዘንግ ላይ ትንሽ ሞተር ይገጠማል። ነጂው ስንት ጉልበት እንዳሳረፈ ሴንሰር ይለካል፣ ሞተሩ ያግዛል። ፍጥነት ሲጨምር እገዛው እንዲቀንስ ማድረግም ይቻላል። ከውጭ አይታይም፣ ራኩም አይነካም። ነገ ሐሳቡን የቀየረ ነቅሎ የድሮውን ይመልሳል፤ ስለዚህ የወጣውን ዕቃ መጣል ጅልነት ነው።

ሳንካም አለው። የመጀመሪያዎቹ ባለ 3.8 ሊትሮች የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኙት ከድሮው ዲናሞ ነው፤ ከቦዲው ጋር የተያያዘውም የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። አልተርኔተርና ኔጋቲቭ የመጡት በ1964 ከባለ 4.2ቷ ጋር ነው። ስለዚህ የባለ 3.8 ባለቤት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሥራ ይጠብቀዋል።

ብዙው ሰው የሚዘለው ግን ርካሹን ሥራ ነው። ራኩ የሚታሰረው በጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲላላ መሪው ሲዞር መጀመሪያ ራሱ ራኩ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ጎማው የሚሰማው ዘግይቶ ነው። በዚህ ላይ ሞተር መጨመር ጉልበቱ የተጎዳን አጥቂ ሳያሳክሙ አዲስ ታኬታ እንደ መግዛት ነው። ጎሚኒው ይቀየር፣ የቲራንቴው ጫፎች ይታዩ፣ የጎማው ንፋስ ይለካ። ሰፊ ጎማ ያሰረማ መሪውን ያከበደው እሱ ራሱ ነው!

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የከበደው ሞተሩን ያስገጥም፤ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ከምትጠጣ ትነዳ። ለገጣሚው ግን አንድ ነገር ይንገረው፦ እገዛውን አታብዛው። ስትቆም ይቅለል፣ በ100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የድሮው መሪ ይሁን።