የነፍስ አባትና የነፍስ ልጅ፦ ደቀ መዝሙርነት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ

ደቀ መዝሙር የሚለው የግእዝ ስያሜ ቃል በቃል ሲፈታ «የመዝሙር ልጅ» ማለት ሲሆን፣ በግእዙ ወንጌል የጌታ ተከታዮች የሚጠሩበት «ረድእ» የሚለው ቃል ደግሞ ረዳት፣ አገልጋይ የሚል ትርጉም አለው። ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲታዩ፣ ደቀ መዝሙርነት ትምህርት ሰምቶ ከመሄድ የሚያልፍ፣ ለአንድ መምህር ልጅም ረዳትም ሆኖ ከእርሱ ጋር መኖርን የሚጠይቅ ነገር መሆኑን ያሳያሉ። ክርስቶስ ለብዙ ሕዝብ ቢያስተምርም አብረውት እንዲውሉና እንዲያድሩ የመረጣቸው ግን 12 ሰዎችን ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ልጄ እያለ ይዞት እየዞረ አሳድጎታል። የክርስትና ሕይወት ከጥንቱ ጀምሮ የተላለፈው በዚህ መንገድ፣ አንዱ አማኝ ሌላውን በቅርብ እያየና እያረመ በማሳደጉ ነው።

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ የሚገኙበት የሰሜን ሸዋ ክርስትና ታሪክም እንዲህ ከመምህር ወደ ልጅ የሚወርድ ሰንሰለት ታሪክ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር ሲማሩና ሲያገለግሉ ቆይተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ፤ በዚያም ካስተማሯቸው መካከል የሸዋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተራቸው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሥርተው ብዙ ልጆች አፈሩ። በ14ኛው መቶ ዘመን፣ በደብሩ አበምኔት በአቡነ ፊልጶስ ዘመን፣ የደብሩ መነኮሳት ሸዋንና አካባቢዋን ተከፋፍለው እንዲያስተምሩ 12 ንቡራነ እድ ሲሾሙ መርሐ ቤቴ ለአባ መርቆሬዎስ ደረሰች። «ንቡረ እድ» ማለት እጅ የተጫነበት ማለት ነውና፣ ስያሜው ራሱ መምህሩ እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ አደራ የሚሰጥበትን ሥርዓት ይዟል። ወንጌል ወደ ሰሜን ሸዋ አምባዎችና ሸለቆዎች የገባው እንግዲህ ቀድሞ በሌላ ሰው እጅ ባደጉ ሰዎች አማካይነት ነው።

ይህ አሠራር እስከ ዛሬ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። የአብነት ትምህርት ማለት ተማሪው መምህሩን ምሳሌ አድርጎ ንባብን፣ ዜማን፣ ቅኔን ወይም የመጻሕፍትን ትርጓሜ በቃል የሚቀበልበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ከየኔታ ፊት ሲቀመጥም ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን የየኔታን ጾም፣ ትዕግሥት፣ ተግሣጽና ከድሃ ጋር ያላቸውን አኗኗር ያያል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በመንዝ ደጋ ብርድ ተማሪን በትምህርቱ የሚያጸናው የመምህሩ ፍቅርና የጓደኞቹ መተጋገዝ ነው፤ ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስጠናዋልና ሁሉም ተማሪ ሳለ መምህርነትን ይለምዳል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው የቆሎ ተማሪ ወይም መነኩሴ አይሆንም፤ አራሹ፣ ነጋዴውና የቤት እመቤቷ ደቀ መዝሙር የሚሆኑበት መንገድ የነፍስ አባት ነው። የነፍስ አባት፣ በሌላ አጠራሩ የንስሐ አባት፣ አንድ ቤተሰብ መርጦ የሚይዘው ቄስ ሲሆን፣ ኑዛዜ ይሰማል፤ ምስጢር ይጠብቃል፤ ለተናዛዡ በደልም ቀኖና፣ ማለትም እንደ ሰውየው አቅም የሚወሰን ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ይሰጣል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ያስታርቃል፤ ቤቱን ጠበል ይረጫል፤ በማኅበር ቀን ጸበል ጻዲቁን ይባርካል፤ የነፍስ ልጁ ሲሞትም ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳል። የገጠሩ ቄስ ብዙ ጊዜ እንደ ነፍስ ልጆቹ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው በመሆኑ ውርጭ ገብሱን ሲመታው ያለውን ጭንቀትም ሆነ በድንበር ጠብ የሚነሣውን ቂም ከራሱ ኑሮ ያውቀዋል። ቀኖናውን እንደ ሰውየው የሚመጥነው ሰውየውን ስለሚያውቀው ነው፤ በዐውደ ምሕረት ለብዙዎች የሚሰጥ ስብከት፣ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ይህ ታላቅ ሥርዓት ግን በብዙ ቤት ሳስቷል። የነፍስ አባትና የነፍስ ልጅ የሚገናኙት በዓል ሲሆን፣ ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ብቻ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ጉብኝቱም መስቀል ከመሳለምና ከመመረቅ ላያልፍ ይችላል። በገጠሩ ልማድ ሥጋ ወደሙ የሚቀበሉት በአመዛኙ ሕፃናትና አረጋውያን በመሆናቸው ትዳር የሚመሠረትበት፣ ሀብት የሚገኝበትና ቂም የሚያዝበት የጉልምስና ዘመን፣ ምክር አብዝቶ የሚያስፈልገው ያ ዕድሜ፣ ያለ ቅርብ መሪ ያልፋል። ሥራና ትምህርት ፍለጋ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ወጣትም የነፍስ አባቱን በአገሩ ትቶ ይሄድና በከተማው በሺህ ከሚቆጠር ምእመን መካከል ማንም በስሙ የማያውቀው ሰው ይሆናል።

የቅርብ ክትትል ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማየት የሌላ ቤተ እምነትን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ አባሎቿ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። አዳራሽና አደባባይ ሲከለከሉ አማኞቹ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ፣ አንዱ ለሌላው እየጸለየና አዲሱን እያስተማረ ዓመታቱን አሳለፉ፤ ሥርዓቱ በ1983 ዓ.ም. ወድቆ እንደገና በይፋ ሲሰባሰቡ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሕንፃው ቢወሰድባቸውም ሰው ሰውን የሚያሳድግበት ልማድ ስላልተቋረጠ እምነታቸው አልተቋረጠም።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ክርስቲያን አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልገውም፤ የነፍስ አባት አለው፤ ማኅበርና ሰንበቴ አለው፤ የኔታ አለው። የሚያስፈልገው እነዚህን ለተሠሩበት ዓላማ ማዋል ነው። የነፍስ ልጅ የሆነ ሁሉ ሕመም ወይም ዕድሜ እስኪያስገድደው ሳይጠብቅ በጤናውና በጉልበቱ ሳለ ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ፤ ወደ ከተማ የወረደውም በሚያስቀድስበት ደብር አንድ አባት ፈልጎ ስሙንና ኑሮውን ያስታውቅ። ካህናትም የነፍስ ልጆቻቸውን ከበዓል ውጭ ይጠይቁ፤ የራቀውን በስልክም ቢሆን ያግኙት። አባ መርቆሬዎስ መርሐ ቤቴን የተቀበሉት እጅ ተጭኖባቸው ነው፤ ያን አደራ ዛሬ የያዘ ሁሉ እጁን የሚጭንበት ቢያንስ አንድ ልጅ ይኑረው።