ከመቃብር ስለሚነሣው አገልጋይ፤ የዞምቢ ፊልምና የጋሞ ዕደ ጥበበኞች

ሞቶ ከተቀበረ በኋላ የሚነሣውና ፈቃድ የሌለው ፍጡር፣ ዞምቢ የሚባለው፣ በፊልም አማካይነት ለከተማ ወጣቶቻችን እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የታሪኩን ምንጭ ማስታወስ፣ ከአገራችን ወሬ ጋር ማነጻጸርና፣ እንዲህ ያለው ታሪክ ስለ ማን በማን እንደሚነገር መመርመር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዞምቢ አገሩ ሃይቲ ነው። ከአፍሪካ ተወስደው በሸንኮራ አገዳ እርሻ በባርነት የደከሙት ሰዎች ዘሮች እንደሚያወሩት፣ አስማተኛ ሬሳን ከመቃብር አውጥቶ ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ለባሪያ ሞት ዕረፍቱ ነበርና፣ ከሞት በኋላም ሥራ አለ ማለት ከሁሉ የከፋ ፍርሃት ነው። አሜሪካ ሃይቲን በያዘችበት ዘመን (1915–1934) ዊሊያም ሲብሩክ በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ ወሬው በውጭ አገር ተሰማ፤ በ1932ም «ዋይት ዞምቢ» የተባለው ፊልም ተሠራ። በዚህ ፊልም ሙታኑ የስኳር መጭመቂያ ሲያዞሩ ይታያሉ፤ ተመልካቹ እንዲያዝን የተፈለገው ግን ለአንዲት ነጭ ሙሽራ ነው። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ሥጋ በሊታውን ሙት ባመጣ ጊዜ ደግሞ ባርነቱም ሃይቲም ከታሪኩ ወጡ።

በአገራችንም ለዚህ እጅግ የቀረበ ወሬ አለ። ሮናልድ ሬሚኒክ በመንዝ አጥንቶ በ1974 እንዳሳተመው፣ ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ ሲቀበር ቡዳው ሬሳውን ያወጣዋል፤ ነፍስ ዘርቶበትም ሰባት ዓመት በባርነት ያሠራዋል። እንግዳ ሲመጣ በአርጩሜ ራሱን መትቶ ማሰሮ ያደርገዋል፤ እንግዳው ሲሄድ መልሶ ሰው ያደርገዋል። ቡዳ የሚባለው ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ነው፤ ወሬውን የሚያወራው ርስት ያለው ገበሬ ነው። በሃይቲ የተናገረው ተገዢው ነበር፤ በመንዝ ግን መሬት ያለው መሬት የሌለውን ይከሳል።

የተከሳሹ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበረ ለማየት ወደ ጋሞ እንሻገር። ከአርባ ምንጭ በላይ ባሉት ደጋዎች፣ በጨንቻ፣ በዶርዜና በዶኮ፣ ባለ መሬቱ ማላ ይባላል፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቀጥቃጮቹና ፋቂዎቹ ደጋላ ይባላሉ። በቀድሞው ሥርዓት ማናና ደጋላ የእርሻ ርስት አልነበራቸውም፤ ከማላ አይጋቡም፤ በዱቡሻ፣ ማለት በጉባኤው ሜዳ፣ ከማላ እኩል አይቆጠሩም፤ መቃብራቸውም ለብቻ ነበር። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ዎጋን፣ ይኸውም የአባቶችን ሥርዓት፣ መተላለፍና ከዚያ የሚከተለው ጥፋት ነው፤ እህል ይበላሻል፣ ሰው ይታመማል። ዕደ ጥበበኛው ከማላ መሬት እንዲርቅ የተደረገውም የምድሪቱ ልምላሜ እንዳይጎዳ ተብሎ ነበር። ሆኖም ማላ የሚበላው የማና ሴት በሠራችው ድስት በስሎ፣ የሚቆፍረው ደጋላ በቀጠቀጠው ብረት፣ የሚተኛውም ደጋላ በፋቀው ቁርበት ላይ ነበር። የመንዙ ወሬ አገልጋዩን በዕደ ጥበበኛው ቤት ያስቀምጠዋል፤ በጋሞ እንደምናየው ግን መሬት ተነፍጎት ሌላውን ያገለገለ ራሱ ዕደ ጥበበኛው ነው። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ነገር ለወጠ፤ በጋብቻና በመቃብር መለያየቱ ግን ከአዋጁም በኋላ ዘልቋል።

እንዲህ ያለው ታሪክ ይነገርበት በነበረው ወገን እጅ ሲገባ መልኩን እንደሚለውጥ አንድ ፊልም ያስረዳናል። በካናዳ የሚክማቅ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ጄፍ ባርናቢ በ2019 «ብለድ ኳንተም» የተባለውን ፊልም አቀረበ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1981 ሲሆን፣ ሆድ ዕቃው የወጣ የሳልሞን ዓሣ ተነሥቶ ይንፈራገጣል። በዚያው ዓመት የኬቤክ ፖሊስ በሳልሞን ማስገር ምክንያት የሚክማቆችን መንደር ሊስቱጉጅን በኃይል ወርሮ ነበር። በፊልሙ ነባሮቹን ወረርሽኙ አይዛቸውም፤ ነጮቹም መጠጊያ ፈልገው ወደ እነርሱ ይመጣሉ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስኑት አስቀድሞ ተከልለው የኖሩት ሰዎች ሆኑ።

ከዚህ ለጥናታችን የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስለ ቡዳም ሆነ ስለ ጎሜ የምንጽፈው ብዙውን ጊዜ ከባለ መሬቱ አፍ የሰማነውን ነው፤ ይህንኑም «ሕዝቡ እንዲህ ያምናል» ብለን እናትማለን። በእንዲህ ያለ አጻጻፍ ክሱ እንደ ባህል ይቈጠራል፤ የተከሰሰው ሰውም ከሕዝቡ ቍጥር ይወጣል። ስለዚህ ወሬ ሰብሳቢው ተማሪ የተናጋሪውን ወገን ይጻፍ፤ ከዚያም ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ማናዎችና ወደ ደጋላዎች ቤት ይሂድ።