«ትንሽ ብቻ» የሚባለው ሳይኬደሊክ፦ ለመሞከር ላሰቡና ለቤተሰቦቻቸው

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይ ካዛንቺስ፣ ሆቴሎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የበዙበት ሰፈር ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድና እንግዳም አይጠፋም። ከሻንጣው «ለድብርት ፍቱን ነው፣ የሚወሰደውም ትንሽ ብቻ ነው» የተባለ እንክብል ወይም ቸኮሌት ቢሰጥዎት ምን ያደርጋሉ?

ማይክሮዶዚንግ የሚባለው ይህ ነው። እንደ ኤልኤስዲና ሳይሎሲቢን (በአንዳንድ የእንጉዳይ ዝርያዎች ውስጥ የሚገኝ) ያሉ የሌለ ነገር የሚያሳዩ ንጥረ ነገሮችን፣ ከተለመደው መጠን አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ብዙ ጊዜ በየሦስት ቀኑ መውሰድ ማለት ነው።

ይጠቅማል?

በ2021 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት 191 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ ሳያውቁት ባዶ እንክብል ወስደዋል። ሁለቱም ወገኖች ተሻሽለዋል፤ ልዩነታቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ተስፋው ራሱ ሳይጠቅማቸው አልቀረም። አውስትራሊያ በ2023 እ.ኤ.አ. ሳይሎሲቢንን ለአንዳንድ የድባቴ ሕሙማን ፈቅዳለች የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ የሚሰጠው በሥነ አእምሮ ሐኪም ክትትል፣ በሙሉ መጠንና ከምክር ሕክምና ጋር ነው። በቤት ውስጥ ከሚቀመሰው ጋር አይገናኝም።

በኢትዮጵያ እነዚህን ንጥረ ነገሮች መያዝም መጠቀምም ወንጀል ነው (የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 525)።

ማን በፍጹም መሞከር የለበትም?

ሊትየም የሚወስድ ሰው፤ ከነዚህ ጋር ሲደባለቅ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ማስከተሉ ተዘግቧል። ራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ ባይፖላር ወይም ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው። የልብ ቫልቭ ሕመም ያለበትም እንዲሁ፤ ለወራት ደጋግሞ መውሰድ ቫልቭን ይጎዳል የሚለው ስጋት ገና አልተፈታም፣ በአገራችን ደግሞ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የቫልቭ ችግር ብዙ ሰው ጋ አለ። ከሁሉ የከፋው ግን «ይህን ልጀምር» ብሎ የታዘዘለትን የድባቴ መድኃኒት በድንገት ማቆም ነው።

እፀ ፋሪስስ?

አንዳንዱ «የእኛም አገር ዕፅ አለን» ይላል። አስተናግር ወይም እፀ ፋሪስ፣ ነጭ የመለከት ቅርጽ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው፣ በመንገድ ዳርና በባዶ ቦታ የሚበቅለው ተክል፣ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። መርዙ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው፣ ከቅጠል ወደ ፍሬ ይለያያል፤ ስለዚህ «ትንሽ» የሚባል አስተማማኝ መጠን የለውም። አፍ ይደርቃል፣ የዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሽንት ይታገዳል፣ ሰውየው ይቃዣል። አሚትሪፕቲሊን ለሚወስድ ሰው አደጋው ይበረታል።

ወስዶ ከታመመ

እንዲያስታውክ አያስገድዱት፣ ብቻውንም አይተዉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ለካዛንቺስ ነዋሪ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ከወሰደው የተረፈውን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ «ምን ወሰደ?» የሚለው ለማከም እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

ለመሞከር ያሰቡት መድኃኒቱ አልሠራ ስላለዎት ከሆነ፣ የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ከዚያ በኋላም መጠኑ ሊጨመር ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ሲሄዱ፣ ከሐኪም የታዘዘውንም ከዘመድ የመጣውንም በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ።