ቤታቸውን ይዘው የሚጓዙ ጡረተኞች መሪ መያዝ ሲያቅታቸው

በአሜሪካ ቋሚ ቤታቸውን ሸጠው አልጋና ማዕድ ቤት በተገጠመለት ተሽከርካሪ የሚኖሩ ጡረተኞች አሉ። በብርዱ ወራት ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የዛሬው ጎረቤት ነገ ቢለይም፣ በዓመቱ እዚያው ማቆሚያ ዳግም ይገናኛሉ።

ጭንቀቱ የሚመጣው ዓይን ሲደክም ነው። መንዳት ያቃተው ሰው ቤቱንም ወዳጆቹንም በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተው ኤስኬፒስ የተሰኘው የተጓዦች ክበብ ለዚህ መላ አበጅቷል። በቴክሳስ ግዛት ሊቪንግስተን በሚገኘው የእንክብካቤ ማዕከል አረጋውያኑ ከተሽከርካሪያቸው ሳይለዩ ይኖራሉ፤ ምግብ በጋራ ይቀርብላቸዋል፤ ወደ ሐኪምም የሚያደርሳቸው አለ። ይበልጥ የሚደንቀው፣ ከሚያገለግሏቸው መካከል ራሳቸው ተጓዥ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች መኖራቸው ነው፤ በምላሹ ማቆሚያ ቦታና ምግብ ያገኛሉ።